በሰሞነ ሕማማት የተደወለው ስልክ

ፒያሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእምሩ፣

እንኳን ለፋሲካ አደረሰህ። እኛም ደርሰናል። ጊዮርጊስን ከውጭ ከአጥሩ ተሳልሜ ተመለስኩ፤ ሰው ተራርቆ ቁሙ እየተባለ እንደ ወንጀለኛ ይተያያል። ዶሮው ተሠርቷል፣ ግን አልጣመኝም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

በልጄ በጸሎት ስልክ ደውለህ «ምን ሆነሻል፣ ለምን ቃል ታሳጥሪብኛለሽ?» ስላልከኝ ይኸው በወረቀት መጣሁልህ። ቤቴን ታውቀዋለህ፣ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። የእኔ ስልክ ውሃ ገብቶበት ከሞተ ወዲህ የማወራው በልጄ ስልክ ነው። የአየር ትኬት ቢሮዋ ስለተዘጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እቤት ናት። እኔ ካንተ ጋር ማውራት ስጀምር እሷ ሳህን ማጠቧን ታቆማለች። እንዴት ብዬ ላውራህ?

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ዘይኑዲን ነው፣ እዚያ አርባ ምንጭ ሙዝ የምትጭንለት ሹፌር። አትክልት ተራን በበሽታው ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ስላዛወሩት አሁን የሚያራግፈው እዚያ ነው። አውቶቡስ ተከለከለ እንጂ ሙዝ አልተከለከለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የካቲት 27 ቀን ከቀኝ ጡቴ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። እብጠቷ ሽምብራ ብታህል ነው። «በሁለት ሳምንት ነይ» አሉኝ። ሁለት ሳምንቱ ሳይሞላ ኮሮና ገባ ተባለ። ከጸሎት ጋር ስንሄድ የበሩ ጥበቃ የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደግኖ «ድንገተኛ ካልሆነ አይገባም» አለን። አንዲት ነርስ ወጥታ «ሐኪሞቹ ግማሾቹ ለኮሮና ተወስደዋል፣ ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን» ብላ ስልክ መዘገበች። የተመዘገበው የጸሎት ቁጥር ነው።

በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ዕለት፣ ሚያዝያ ስድስት፣ የጸሎት ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አይታ ወደ ግቢ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ቧንቧው አጠገብ ቆማ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች። ያንን ስትጨርስ ሌላ ቦታ ደወለች፣ እሱ ደግሞ ከፊተኛው ረዘመ። ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ከቢሮ ነው፣ ስለ ደሞዝ» አለችኝ።

ስለ ደሞዝ ተደውሎላት በሹክሹክታ የምታወራ ልጅ አልወለድኩም። ስለ ደሞዝ ቢሆን ግቢው በጩኸት ይናወጥ ነበር።

ሁለተኛው ስልክ ወዳንተ ከሆነ ንገረኝ። ውጤቱ መጥቶ ከሆነ አትደብቀኝ። በእናታችን አጥንት ማልልኝ።

እህትህ የሺዓለም


አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፤ መልሱን ያዘገየሁት መኪና አጥቼ ነው፣ ይቅር በይኝ። ፋሲካን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መጋዘን ውስጥ አሳለፍኩ። ፆም የፈታሁት በቆርቆሮ ዓሣ ነው፤ ሳቂብኝ።

ማል ብለሻል፣ እምላለሁ። በእናታችን አጥንት፣ ውጤቱን በዓይኔ አላየሁም። ምን እንደሚል አላውቅም። ጸሎትም አላየችውም፣ እሷም አታውቅም። ሁለተኛው ስልክ ወደ እኔ ሊሆን ይችላል፤ ከሥራ ከተቀመጠች ወዲህ ብዙ ጊዜ ትደውልልኛለች። ከአጎቷ ሌላ ማን አላት? በሃያ ሰባት ዓመቷ ቤት መዋል ቀላል አይደለም፣ አትጨቁኛት።

አንቺ አሁን ማሰብ ያለብሽ ስለ ኮሮናው ነው። ስልሳ ሊሞላሽ ነው፣ አስም አለብሽ። ሆስፒታል አካባቢ አትድረሺ። እዚህ አንድ የማውቀው ገበሬ ለደም ግፊቱ ብሎ ሄዶ ከነቤተሰቡ ተገልሎ ተቀመጠ። ቤትሽ ሁኚ፣ ወተት ጠጪ፣ ሰውነትሽን አታሻሺ፣ በተለይ የብብትሽን ሥር አትነካኪው። ክረምቱ ይለፍ እንጂ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፖስታው የደረሰኝ ተከፍቶ በፕላስተር ተለጥፎ ነው። ዘይኑዲንን ብጠይቀው «ኬላ ላይ አልኮል ሲረጩበት ተላቀቀ፣ እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም፣ የራሴንም አላነብ» አለኝ። አንቺ ስትሰጪው ታሽጎ ነበር?

ወንድምሽ እምሩ


ፒያሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

እምሩ፣

አዎ፣ ታሽጎ ነበር። በምራቄ ነው ያሸግኩት። ለዘይኑዲን የሰጠችልኝ ካሚላ ናት፣ እታች መንገዱ ላይ የክርና የአዝራር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ። ጸሎት ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ካሚላ ሱቅ ትገባለች። ኬላ አልኩ፣ ካሚላ አልኩ፣ ጸሎት አልኩ፤ ሦስቱንም ጠርጥሬ አደርኩ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ፖስታውን በክር ሰፍቼ ነው የምልክልህ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰፋሁበት እጅ ነው፤ ሌላ ሰው ፈትቶ ቢሰፋው ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ መሐላህ ልምጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከመሐላህ ይልቅ የያዘኝ ምክርህ ነው። «የብብትሽን ሥር አትነካኪው» ብለሃል። እምሩ፣ እኔ የጻፍኩልህ ስለ ጡቴ ነው። ብብቴን የሚል ቃል ከብዕሬ አልወጣም። ከሥሩ የተቋጠረች ነገር እንዳለች አውቃለሁ፣ ግን ለካሚላ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። አንተ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ሆነህ ከየት አወቅህ?

ልጄ ደግ ሆናለች፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ድሮ «እማ ሻይ» ብላ የምታዘኝ ልጅ አሁን ከሥጋ ቤት ጉበት ገዝታ ትጠብሳለች። ለሰፈሩ የጨርቅ ማስክ እየሰፋሁ ነው፤ «ተይ እኔ ልጨርሰው» ብላ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፣ አዝራር መትከል የማትችል ልጅ! የቁም ሣጥኗን መሳቢያ ደግሞ ትቆልፋለች። በቀደም ቁልፉን አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጋር አየሁት። እንዲህ ዓይነት ደግነት የማውቀው አባታችን ሊሞት ሲል ነው። ያኔ አንተ ሕፃን ነበርክ፣ ደግ የሆንነው እኛ ነን።

ስለዚህ የገባኝን ልንገርህ። ውጤቱ መጥቷል፣ ክፉ ነው፣ እናንተም ተማክራችሁ ደብቃችሁኛል። የማይድን ነገር ከሆነ ምን አስሮጠኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። አልሄድም፣ አልጠይቅም።

የሺዓለም


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

እታለም፣

«አልሄድም፣ አልጠይቅም» ያልሽውን አንብቤ ያን ቀን ሚዛን ላይ ቆሜ የስንቱን ሰው ሙዝ አሳስቼ እንደመዘንኩ አላውቅም።

ስለ ብብትሽ እውነቱ ይህ ነው። የካቲት ላይ ናሙናው ሲወሰድ ሐኪሟ አንቺን ልብስ ልበሺ ብላ ጸሎትን ኮሪደር ላይ አነጋግራታለች። «ብብቷም ሥር ትንሽ ነገር አለ፣ ቶሎ መከታተል ነው» አለቻት። ልጅቷ ብቻዋን መያዝ አቃታትና ነገረችኝ። አንቺን ላለማስደንገጥ ዝም አልን። ጥፋት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላ የለም። ውጤቱን አላየሁም ያልኩሽ ያው ነው፣ አልቀይረውም።

መሳቢያውን ለምን እንደምትቆልፍ አላውቅም። የወጣት ልጅ መሳቢያ ነው፣ ተያት።

ግን እታለም፣ መርማሪ የምትሆኚው በእኛ ላይ ብቻ ነው? ዘይኑዲን ምን አለኝ መሰለሽ? «እህትህ ጃንሜዳ ድረስ ራሳቸው መጡ፣ ደብዳቤውን በግራ እጃቸው ሰጡኝ። ሙዝ ልስጥዎ ብል ቀኝ እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው» አለኝ። ስንት አክሏል? ሽምብራ ነበር ያልሽኝ፤ አሁን ምን ያህላል? ጸሎት አሳዪኝ ስትልሽ ደረትሽን በሻሽ ጠምጥመሽ «አንቺን አይመለከትሽም» እንዳልሻት ሰምቻለሁ። አንቺም ትደብቂያለሽ።

በቁጣ ጽፌ እንደሆነ ይቅር በይኝ። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። እናት አላውቅም፣ የማውቀው አንቺን ነው። ከአንቺ ላይ ምንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

እምሩ


ፒያሳ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

እምሩ፣

ሁለት ወር ሊሆን ምንም ያልቀረው ዝምታ ነው፣ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ተቀይሜህ ነበር። ከዚያ በሰኔው ሁከት መንገዱ ተዘጋ፣ ዘይኑዲንም ጠፋ። አሁን ተመልሷል፤ የመኪናው መስኮት ተሰንጥቆ በፌስታል ሸፍኖታል፣ ሙዙ ግን ደርሷል።

ስንት አክሏል ላልከኝ፦ እንቁላል። ቆዳው እንደ ታሰረ ከረጢት አፍ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። ከሰኔ ወዲህ የመኪናውን ዘንግ ማዞር አልቻልኩም። ይኸው አልደበቅኩህም።

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሲሠራ የኖረ እጄ ሥራ ሲፈታ መቀመጥ አልቻልኩም። ክፉም ቢሆን ለእኔ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ ሰው ከሚያነብልኝ ራሴ ላንብበው። ሐሙስ ሐምሌ 9 ቀን ከካሚላ ጋር ሆስፒታል እሄዳለሁ። ካሚላን መጠርጠሬን አቆምኩ። ሱቋን ዘግታ ልትሸኘኝ ነው፤ ካሚላ ሱቅ የምትዘጋው ለዒድ ብቻ ነው።

ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ካሚላና አንተ። ሐሙስ ጠዋት ጸሎት በሩ ላይ ቆማ «የት ልትሄጂ ነው?» ካለችኝ ማን እንደነገራት አልጠይቅም።

የሺዓለም


አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ከሐሙስ በፊት እንዲደርስሽ ዘይኑዲንን ለምኜዋለሁ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል ይላል፤ እንደምንም ይሞክራል። ስልክ እንዳልደውል ስልኩ ያለው ጸሎት እጅ ነው። ለእሷ ደግሞ አልነገርኳትም። ቢያንስ ይኼኛውን እመኚኝ።

መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ሚያዝያ ስድስት የደወለችው የሆስፒታሉ ነርስ ናት። «ውጤቱ ደርሷል፣ በስልክ አይነገርም፣ ሚያዝያ 15 ሐሙስ ይዘሻት ነይ» አለች። ጸሎት ወዲያው ለእኔ ደወለች። «ጋሼ፣ ልውሰዳት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አትውሰጃት ያልኳት። «እዚያ ውስጥ ኮሮና አለ፣ በአስም ላይ ከያዛት በሁለት ሳምንት ትሞትብናለች፣ የጡቱ ነገር ለመስከረም ቢቆይ ምን ይሆናል?» አልኳት። እሷ «እማ ትጠይቀኛለች» ብላ አለቀሰች። «ከቢሮ ነው፣ ስለ ደሞዝ በያት» ያልኳት እኔው ነኝ። ለነርሷ መልሳ «አሁን አንመጣም፣ ፈርተናል» አለቻት።

ውጤቱን አላየሁም ብዬ የማልኩት እውነት ነው። ያላየሁት እንዳይታይ ስላደረግኩ ነው።

አንቺ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሽው ሚያዝያ 14 ነው። ቀጠሮው በማግሥቱ ነበር። ለእኔ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ያኔ ብናገር ኖሮ ሌላ ቀጠሮ ይገኝ ነበር። ግን አንድ ሳምንት ባለፈ ቁጥር አፌ እየከበደኝ ሄደ። «ሌላ የለም» ብዬ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው።

ጸሎትን አትቅጪያት። እኔን ቅጪኝ።

እምሩ


ፒያሳ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

እምሩ፣

ደብዳቤህ አልደረሰኝም፤ ጽፈህ እንደሆነም አላውቅም። የትናንቱን ግን ሳይበርድ ልጻፍልህ።

ጸሎት ሳትነቃ ወጣን። ታክሲው በግማሽ ሰው በድርብ ዋጋ ነው። ካሚላ «ለብቻሽ ወንበር ተሰጠሽ፣ ሚኒስትር ሆነሻል» አለችኝ፤ ልታስቀኝ ፈልጋ ነው፣ እጄን ግን አልለቀቀችም። ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው ሰውዬ መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ማስክ፣ ከማስኩ ላይ መነጽር አድርጓል። ፋይሌን ገልጦ፣

«ሚያዝያ 15 ተቀጥረው ቀርተዋል» አለኝ።

«ማን ነው የቀጠረኝ?»

«በስልክ ተነግሯል። እዚህ ተጽፏል፤ ቤተሰብ ስለፈራ አይመጡም ይላል።»

ካሚላ ፊቷን አዞረች። እኔ ሰውዬውን «ድገምልኝ» አልኩት። ደገመልኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከልጄ ብዙ አይበልጥም። የካቲት ላይ ያየችኝ ሐኪም አሁን ኮሮና ማዕከል ናት አሉኝ። ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱን አየሁት።

«ብቻዎን ነው የመጡት?» አለኝ።

«ጎረቤቴ ውጭ አለች።»

«ልጅ፣ ወንድም የለዎትም? ቤተሰብ ቢኖር ጥሩ ነበር።»

«አሉኝ። ለእነሱ የተነገረውማ ይኸው እዚህ አድርሶኛል። አሁን ለእኔ ንገረኝ፣ ጡቱ የእኔ ነው» አልኩት።

ነገረኝ። ካንሰር ነው። የተጻፈው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ማስክ ስሰፋ፣ ጉበት ስበላ፣ ወረቀቱ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ልብሴን አውልቄ ሲያየኝ በመዳፉ ለካ። ያኔ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተጻፈው አሁን ሰባት ነው፣ ብብቴም ውስጥ ሦስት አሉ። እንዲህ እንዳለ በቢላዋ አይነካም አለኝ። መጀመሪያ ኬሞ ይሰጣል፤ ካነሰ ይቆረጣል፤ ከዚያ ጨረር። የጨረሩ ወረፋ ድሮም ረጅም ነው፣ አሁን ብሶበታል። «እንደርስበታለን?» አልኩት። «እንጀምር» አለኝ። ገብቶኛል።

እቤት ስደርስ ጸሎት ስትፈልገኝ ውላ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቁጭ አለች፣ መሬት ላይ።

«ኮሮና ይገልሻል ብለን ነው» አለችኝ።

«ማንና ማን?»

እምሩ፣ ዝምታዋ ስምህን ነገረኝ። መሳቢያውንም ከፍታ አሳየችኝ። አለበት ብዬ የጠረጠርኩት ውጤት የለበትም። ለኮሮና ብላ የገዛችው የኦክስጅን መለኪያ፣ የአስም መድኃኒት፣ አንድ የተቀደደ ማስታወሻ፦ «ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት»። መጣል አቅቷት ይዛው ኖራለች።

ያቺን ልጅ መምታት አልቻልኩም። ተቀምጣ እንደ ሕፃን «ጋሼ ያለኝን ነው ያደረግኩት፣ ጋሼ ያለኝን ነው» ትላለች። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ አንተን አምና ነው።

መሐላህን አውጥቼ አራተኛ ጊዜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ለዚህ ነው የባሰብኝ። ብትዋሸኝ ደንግጦ ነው እል ነበር፤ አንተ ግን ቃሉን መዝነህ ነው የጻፍከው፣ እንደ ሙዝህ።

አትምጣ። አትደውል።

የሺዓለም

ሐምሌ 11። ዘይኑዲን አሁን ጠዋት በጭቃ ተለውሶ መጣ። ደብዳቤህን አነበብኩ። ለጸሎት አለመንገርህን አመንኩ። የምጨምረው የለም።


አርባ ምንጭ፣ የካቲት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህ ስድስተኛው ነው። አምስቱን አልመለስሽልኝም፣ ይገባኛል። ዘይኑዲን «ፍሬውን ተቀበሉ፣ ፖስታውንም ተቀበሉ፣ ግን ምንም አላሉም» ይለኛል። መቀበልሽ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ አልበቃኝም።

የምሰማው ሁሉ ከጸሎት ነው። ጥቅምት ላይ ኦክስጅን ላይ እንደነበርሽ የነገረችኝ ከአልጋ ከተነሳሽ በኋላ ነው። «እማ እንዳትነግሪው ስላለችኝ» አለችኝ። መቆጣት ፈልጌ በምን አፌ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ቀዶ ሕክምናው እንዳለፈም ሰምቻለሁ። «ደህና ነው» ትለኛለች። ስንት ዓይነት ደህና እንዳለ ስለማውቅ አላምናትም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሐኪሙን ጠይቂልኝ። ሚያዝያ 15 ሄደሽ ቢሆን ኖሮ ልዩነት ነበረው? በቀን አስር ጊዜ ይመላለስብኛል። እንደ ነበረ ቢነግርሽ እንኳ ጻፊልኝ። ሳላውቅ ከመኖር ይሻለኛል።

እምሩ


ፒያሳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእምሩ፣

እንዴት ከረምክ? የጻፍኩልህ በቀኝ እጄ ነው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ከጥር ወዲህ እጄ ገና ልምምድ ላይ ስለሆነ ነው። የእንቅስቃሴ ሐኪሟ ግድግዳ ላይ በጣትሽ እየተራመድሽ ውጪ ብላኛለች። በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እወጣለሁ። ጸሎት በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች።

ኬሞውን ስምንት ጊዜ ወሰድኩ። ሁልጊዜ የምትወስደኝ ጸሎት ነበረች። የመጀመሪያውን ወር ስንሄድ አንነጋገርም ነበር፤ እሷ በአንዱ መስኮት፣ እኔ በሌላው። ከዚያ አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ስንወጣ የደም ምርመራውን ወረቀት ሰጧት። በሩን ሳንወጣ ቆመችና እዚያው ሰው መሃል ጮክ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። የማይገባትን ቃል ሳይቀር ፊደል በፊደል ነው ያነበበችው። ዘበኛው ሳቀብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ሁሉ የሚነበበው በሩ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው መነጋገር የጀመርነውም።

ጥቅምት ላይ የፈራኸው መጣ። ኮሮናው ያዘኝ። አራት ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛሁ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ፣ ከእኔ በአስር ዓመት የምታንስ፣ በሦስተኛው ቀን አለፈች። አልጋዋን ሲጠርጉ እያየሁ ያሰብኩት ስለ አንተ ነው። ፍርሃትህ ከንቱ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። እንዳይነግሩህ ያደረግኩት ደግሞ ላሳርፍህ ነው፣ ልበቀልህ አይደለም። ወይም ሁለቱም ነው፤ ለራሴም በደንብ አልገባኝም።

እብጠቱ አንሶ ስለነበር ጥር 21 ቆረጡት። ቀኝ ደረቴ ሜዳ ሆኗል። ከብብቴ ካወጧቸው አስራ አራት እጢዎች አምስቱ ካንሰሩ ነበረባቸው ተብሏል። ጨረሩ ለሰኔ ነው የተቀጠርኩት፤ ቶሎ ቢሆን ይሻል ነበር አሉኝ፣ ግን ከፊቴ ሰው አለ። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ያስቀረሁት የለም። ጸሎት «ደህና ናት» ስትልህ እንግዲህ ይህ ነው ደህናው።

ጠይቂልኝ ያልከኝን ያን ወጣት ሐኪም ጠየቅኩት። ትናንት፣ ክትትል በሄድኩበት። ጸሎትን ውሃ ግዢልኝ ብዬ አስወጣኋትና «ሚያዝያ መጥቼ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ማወቅ ፈለጉ?» አለኝ። «የሚጠይቀኝ ሰው አለ» አልኩት። አየት አደረገኝና መለሰልኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አልተንተባተበም። ጸሎት ውሃውን ይዛ ስትገባ ስለ ክንድ ልምምዱ እያወራን ነበር።

እምሩ፣ እሱን አልጽፍልህም። ለጸሎትም አልነገርኳትም። መደበቅ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ስትቀበለው እንዴት እንደሚያቆስል አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የማደርገው። ክፉ መልስ ስለሆነ ነው ትላለህ። ወይም ደግ መልስ ሆኖ ልትቀጣኝ ነው ትላለህ። ሁለቱንም ጠርጥር፣ እኔም ሦስት ወር እንዲሁ ነበርኩ።

አሁን ግን ና። በዓል አትጠብቅ፣ ፈቃድ ጠይቅና ከዘይኑዲን ጎን ተቀምጠህ ና። ጸሎት ቢሮዋ ተከፍቶ ቀን ቀን የለችም፤ ከግድግዳው ጋር የምጫወተው ብቻዬን ነው። ስትመጣ ፊቴን እያየህ ልታነበው ትሞክር ይሆናል። ሞክር፣ አልቆጣህም። ሌላውን ሁሉ ጠይቀኝ፣ ቁስሉንም አሳይሃለሁ፣ ሌሊት ምን እንደማስብም እነግርሃለሁ።

ይህችን አንዷን ግን ለእኔ ተዋት።

እህትህ የሺዓለም